በየወሩ እየከፈልኩ ለማጅ አስተምራለሁ

ወገን ዛሬ የሆዴን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ረጅም ነው፣ የቸኮለ ይለፈው። የመኪናዬን ብራንድ አትጠይቁኝ፣ ስም ጠርቼ ከማንም ጋር መካሰስ አልፈልግም። ኤሌክትሪክ ናት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአፕ ሰው አመላልስባታለሁ፣ ይሄ ይበቃል።

ከሁለት ወር በፊት ነው፣ ማታ እንደወትሮው ቻርጅ ላይ ሰክቻት ተኛሁ። ሌሊት 10 ሰአት ተኩል ላይ፣ በሀበሻ ሰአት ነው፣ ዳለስ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው ደረሰኝና ዘልዬ ስገባ ስክሪኑ በጽሁፍ ተሞልቷል። ለካ እኔ ስተኛ እሷ በዋይፋይ አፕዴት ስትጭን ነው ያደረችው። መኪናዎ ከዛሬ ጀምሮ ራሷን መንዳት ትችላለች ይላል፣ የመጀመሪያው ወር በነፃ ይላል፣ ከታች ጉንዳን ጉንዳን የሚያካክል ፊደል ያለው ውል፣ ከውሉ ስር "እስማማለሁ"። ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ ብርድ ላይ ቆሟል፣ ማን ያነባል በናታችሁ? ተጫንኩት። የቤት ኪራይ ውሌንም አንብቤ አልፈረምኩ።

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያ ቀን አፌን ነው ያስከፈተችኝ። መንገዱ ጭር ብሏል፣ መሪው በራሱ ለስለስ እያለ ይዞራል፣ ፍሬቻ ታሳያለች፣ እኔ እንኳን ፍሬቻ የማላሳይበት ቦታ ታሳያለች፣ ከፊቷ ያለው ቀስ ሲል ቀስ ትላለች፣ ኤግዚቷን ጠብቃ ትወጣለች። ዳለስ ደርሼ ስቆም ለወንድሜ አዲስ አበባ ደወልኩለትና እንደዚ እንደዚ ሆነልህ ብዬ ነገርኩት። "እና አንተ ታዲያ ምን ትሰራለህ?" አለኝ። ሳቅኩ። አሁን አልስቅም።

በሶስተኛው ቀን 495 የሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ፀሀይ፣ በ60 ማይል እየሄድን፣ ከፊቴ ምንም የለም፣ ምንም! ከድልድይ ስር ልንገባ ስንል የድልድዩ ጥላ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል፣ እንደ በቅሎ ደነበረችላችሁ። ፍሬኑን ስትይዘው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳ ከእጇ ወጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈ። ከኋላዬ የነበረው ትልቅ መኪና ክላክሱን ተጭኖ አልለቅ አለ፣ በስፖኪዮ ሳየው ፊቱ ይታየኛል፣ በዛ ርቀት የሰው ፊት መታየት የለበትም። ነዳጅ ረግጬ አወጣኋት (ነዳጅ የላትም አውቃለሁ፣ አፌ የለመደውን ነው የምለው)። ልጅቷ ይቅርታ ስላት ዝም አለች፣ ስትወርድ ኮከቤን ቆርጣ አስተያየት ጻፈች፣ ሹፌሩ መሪውን አይዝም፣ ያለ ምክንያት ፍሬን ይይዛል። እኔ እኮ አይደለሁም የያዝኩት! ለማን ይነገራል? አፑ ላይ "መኪናዬ ናት" የሚል ቦታ የለም።

ይሄን ስሜት የት እንደማውቀው ሳስብ ነበር የሰነበትኩት፣ አንድ ቀን መጣልኝ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ከመገናኛ ሜክሲኮ ሚኒባስ ስነዳ ነበር። ያኔ የአክስቴን ልጅ መንዳት አስተምረው ብለው አሳፈሩኝ። ለማጅ አጠገብ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። እግርህ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፣ እጅህ ከእጅ ፍሬኑ አይለይም፣ አህያ ስታይ አንተ ነህ ቀድመህ የምትጮኸው፣ ማታ ቤት ስትገባ ትከሻህ እንደ ድንጋይ ሆኗል፣ ራስህ ስትነዳ ውለህ ግን እንደዛ አይደክምህም። አዎ፣ ይሄ ነው። ለማጅ ነው የሰጡኝ። ልዩነቱ የአክስቴ ልጅ ቢያንስ ምሳ ይጋብዘኝ ነበር፣ ይቺን የምከፍላት እኔ ነኝ።

ምክንያቱም ነፃው ወር አለቀ። እንዳለቀ ከካርዴ ቆረጡ። ለምን አላስቆምኩትም? በቃ ሰው ነኝ፣ ይሻሻል ይሆናል አልኩ፣ ዝናብ ባለበት ማታ ትራፊክ ሲዘጋ እየቆመች እየሄደች ስታሳርፈኝ ደሞ ሆዴ ይባባል።

ወደ ዲሲ ወደሚያስገባው ፈጣን መንገድ ወደ 395 እንምጣ። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ መሀሉ ላይ ኤክስፕረስ ሌን አለ፣ ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለው የመንገድ መክፈያ እቃ ያለው ሹፌሩን ጨምሮ ሶስት ሰው ከሆኑና ማብሪያውን ወደ ሶስት ሰው ካዞረ በነፃ፣ ካልጫነ እንደ ትራፊኩ የሚወጣ የሚወርድ ዋጋ ይከፍላል፣ ጠዋት ጠዋት ዋጋው እንደ በአል በግ ነው። ከስፕሪንግፊልድ አንድ ሰው ጭኜ ወደ ፔንታገን እየሄድኩ ነው፣ አንድ ሰው፣ እኔና እሱ። ለማጇ ግራውን አየች፣ ግራው ጭር ብሏል፣ ፈጣን ነው፣ ፍሬቻ አሳየች ገባች። መሪውን ልነጥቃት ስል የኮንክሪት ግንቡ ጀመረ፣ ከዛ በኋላ መውጫው እስኪመጣ በቃ ታስረሃል። 14 ዶላር ከምናምን። አፑ ደሞ ደንበኛው ክፍያ ያለበት መንገድ አልጠየቀም ብሎ አልመለሰልኝም። ሰውየው ግን ደስ ብሎት "ዋው ዛሬ ቶሎ ደረስን" ብሎኝ ወረደ። ቲፕ የለም።

ከተማ ውስጥማ ባይነሳ ይሻላል። ዲሲ 9ኛ መንገድ፣ የኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት፣ እቃ የሚያወርድ ቫን ሁሌም መንገዱ ላይ ይቆማል፣ አደጋ ፍሬቻውን አብርቶ ሰውየው ውስጥ ገብቶ ሽንኩርት ያወርዳል። ማንም የተወለደ ሰው ያውቀዋል፣ ታልፈዋለህ። እሷ ግን ከኋላው ሰልፍ ይዛ ቆመች። የስኳር ሰልፍ መሰላት መሰለኝ። ከኋላ መአት መኪና ይጮህብኛል፣ አንዱ አማርኛ ጭምር ሰደበኝ፣ በአማርኛ ሲሰደቡ እንዴት እንደሚያም። ዱፖንት ሰርክል የሚባለው አደባባይ ላይ ደሞ ልግባ አልግባ ልግባ አልግባ እያለች ስትነቀነቅ እኔ የድሮውን መስቀል አደባባይ በሚኒባስ ያቋረጥኩ ሰውዬ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ሰው በአይኑ ይነጋገራል እኮ፣ እግረኛው ያይሃል፣ አገጩን ያነሳል፣ እለፍ ነው። ካሜራ ስምንትም ይሁን አስር ይሄን አያይም። የተቦረቦረ አስፋልትም አታይም፣ ጎማዬን ሁለቴ ጉድጓድ ውስጥ ከታብኛለች፣ የቆሻሻ ከረጢት ግን ታያለች፣ ለፌስታል ትቆማለች።

እሁድ ደሞ አማቴን ይዤ ወደ ቤተክርስቲያን። ከአዲስ አበባ ከመጡ አንድ ወራቸው ነው። ፊት አስቀምጫቸዋለሁ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል፣ እኔ ጉራ አማረኝ፣ አበራሁት። መሪው ዞር ሲል አማቴ ደንገጥ ብለው አማተቡ።

"በስመ አብ! ልጄ መሪው ብቻውን ዞረ እኮ!"

"አይዞዎት እማዬ፣ ኮምፒውተር ነው የሚነዳው።"

ዝም ብለው ትንሽ ካዩት በኋላ "መንጃ ፈቃድ አለው?" አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? የለውም። ያለኝ እኔ ነኝ። እዛችው ላይ አጠፋሁትና እስከ ቤተክርስቲያን በእጄ ነዳሁ፣ እሳቸውም ነጠላቸውን ለቀቅ አደረጉ።

የዛን ቀን ማታ ነው ውሉን ያነበብኩት። አንድ ቀን ሙሉ ይወስዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ለካ ጠቅላላው አንድ ነገር ነው የሚለው፣ የሚሆነው ሁሉ ያንተ ነው። ትልልቅ ፊደል ላይ "ራሷን ትነዳለች" ትንንሹ ላይ "ሹፌሩ በማንኛውም ሰአት ይነዳል"። ነገሩ ደረጃ አለው፣ ኤስ ኤ ኢ የሚባለው የመኪና ኢንጂነሮች ማህበር ከ0 እስከ 5 ብሎ ከፍሎታል፣ የኔዋ 2 ናት። 2 ማለት መሪውንም ፍሬኑንም ትይዛለች ግን መንገዱን የምታየው አንተ ነህ፣ በአጭሩ ረዳት ናት ማለት ነው። እሺ ረዳት ከሆነች ሂሳብ ትሰብስብልኝ፣ በሩን ትክፈትልኝ! ረዳት ሆና መሪው ላይ ምን ታደርጋለች? ተገልብጦ እኮ ነው ያለው፣ ረዳቱ እኔ ሆኛለሁ።

እና ደሞ አንድ ነገር ሳነብ አገኘሁ፣ ከዛ ወዲህ ስነዳ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ማርች 2018 አሪዞና ቴምፒ የምትባል ከተማ ውስጥ ኡበር ይሞክራት የነበረች ራሷን የምትነዳ መኪና ማታ ላይ ሳይክል እየገፋች የምታቋርጥ ሴትዮ ገጭታ ገደለች። መኪናዋ ሴትዮዋን አላየችም መሰላችሁ? አይታታለች፣ 5.6 ሰከንድ ቀድማ፣ ግን አንዴ መኪና ነው፣ አንዴ ሳይክል ነው፣ አንዴ ሌላ ነገር ነው እያለች ስትወዛገብ ጊዜው አለቀ። መኪናው ፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የራሱን ድንገተኛ ፍሬን ደሞ በሙከራው ሰአት አጥፍተውት ነበር። ከዛ ማን ተከሰሰ? አቃቤ ህጉ ካምፓኒውን በወንጀል የሚያስጠይቀው የለም አለ። መሪው ጋ ተቀምጣ እንድትጠብቅ የተቀጠረችው ሰራተኛ ተከሰሰች፣ በ2023 ጥፋቷን አምና 3 አመት የሙከራ ጊዜ ተፈረደባት። ስልክ ስታይ ነበር፣ ጥፋት ነው፣ አልከራከርም። ግን ሌሊት ሌሊት ብቻህን ምንም በማታደርግበት መሪ ፊት ተቀምጠህ መንገድ አፍጥጠህ እይ ሲሉህ አይን እስከ መቼ ይችላል? ሲነዱ እጅና እግር ስራ ስለያዙ ነው አይን የማይተኛው። እኔ በራሴ አይቼዋለሁ፣ እሷ ስትነዳ ሀሳቤ ሳላውቀው አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

ለዛ ይመስለኛል ካሜራ ተክለው የሚያፈጡብኝ። ከመስታወቱ በላይ አንዲት ትንሽ አይን አለች፣ ቡናዬን ላነሳ ዝቅ ስል ትንጫጫለች፣ መነፅር ሳደርግ ትንጫጫለች፣ ተሳፋሪ ሲያወራኝ ዞር ስል ትንጫጫለች። ሚስቴ እንኳን እንዲህ አትከታተለኝም። ደጋግማ ካስጠነቀቀችህ ደሞ ትቀጣሃለች፣ ራስ መንዳቱን ለቀናት ታጠፋብሃለች፣ ክፍያው ግን አይቆምም።

ዳለስ ሹፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ባለፈው አርብ ይሄንኑ አንስቼ ጦርነት ሆነ። አንዱ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ ልጅ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ "ወንድሜ አትሳደብ፣ እኔ 495 ላይ ማታ ማታ ፍሬን ስረግጥ እያለቀስኩ ነበር የምገባው፣ አሁን እግሬን ዘርግቼ ነው" አለ። እሱን አልፈርድበትም። ሌላው በመጀመሪያው ቀን ያጠፋው ነው፣ መሪውን ለሚስቴም አልሰጥም አለ። ጋሽዬ የምንላቸው፣ ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስንትና ስንት አመት የነዱ፣ ቡናቸውን ከፔርሙዝ እየቀዱ ሁላችንንም ዝም ያሰኘ ነገር ተናገሩ። "ዌይሞ የሚባለው ያለ ሹፌር ታክሲ የሚያሰማራው ካምፓኒ በ2026 ዲሲ እገባለሁ ብሎ ማርች 2025 ላይ አስታውቋል፣ ፊኒክስ ላይ ከ2020 ጀምሮ ባዶ መኪና ሰው ይጭናል። እናንተ ደሞ መኪናችሁ ስትሳሳት መሪውን ትነጥቋታላችሁ፣ የነጠቃችሁት ተቀርፆ ይሄዳል፣ ሌላ ጊዜ እንዳትሳሳት ይማሩበታል። ተኪያችሁን እያሰለጠናችሁ፣ ለስልጠናው ደሞ እናንተ ትከፍላላችሁ" አሉ። አንዱ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ፔርሙዙ ዞረ፣ ስልኮች ጮሁ፣ ተበተንን።

እኔ ባዶዋን መኪና እንኳን አልጠላትም፣ የምሬን ነው። እሷ ከገጨች የላካት ካምፓኒ ይጠየቅ፣ መሪው ጋ የሚታሰር ሰው የለም። የሚያናድደኝ ይሄ መሀሉ ነው። ሲሳካ "መኪናችን ነዳች" ብለው ማስታወቂያ ይሰራሉ፣ ሳይሳካ "ሹፌሩ የት ነበር?"። መኪናዋን ለሰራው ካምፓኒ ደውዬ ስለ ፍሬኑ ስነግራቸው ስልኩን ያነሳችው ያለችኝን ልንገራችሁ፣ "ጌታዬ በሚቀጥለው አፕዴት ይሻሻላል"። ፍሬን እኮ ነው! ልብስ ሰፊ ነው እንዴ የሚቀጥለው ሳምንት ና የሚለኝ?

ዛሬ ማታ ደሞ ስልኬ ላይ መጥቷል፣ አዲስ አፕዴት ዝግጁ ነው፣ ልዩ ልዩ ማሻሻያዎች ተደርገዋል፣ ምን እንደተሻሻለ አይልም፣ አሁን ወይስ ሌሊት? ብሎ ይጠይቀኛል። ሁለቱንም ሳልነካ ዋይፋዩን አጥፍቼ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ልጄም ካርቱኔ ቆመ ብሎ ያለቅሳል።

ኤክስፕረስ ሌን እንዳትገባ የሚያደርግ ሴቲንግ የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ በሉኝ፣ ጠዋት 12 ሰአት ላይ ከስፕሪንግፊልድ ሰው አለኝ።