አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ

አሜሪካ ያለን አበሾች ቡና ላይ ስንቀመጥ የማንሰለቸው ወሬ አለን። «እዚህ አገር ልጅ ንጉሥ ነው፤ እኛ አገር ግን ፖሊስ በጥፊ ይለዋል» እንባባላለን። ስለ ትምህርት ቤት ከሆነ ይሁን። ፖሊስ እጅ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከሊፍ ብራውደር የኒውዮርኩ ብሮንክስ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ሲያዝ ዕድሜው 16 ነው። ዋስትናው 3,000 ዶላር ተባለ። ቤተሰቡ ከየት ያምጣ? ኋላ ዋስትናውም ተከለከለ። ሪከርስ ደሴት እስር ቤት ሦስት ዓመት ያህል ቆየ፤ ሁለት ዓመት ገደማውን ለብቻው ተዘግቶበት። «ጥፋተኛ ነኝ በልና ውጣ» ሲሉት አሻፈረኝ አለ። በ2013 ክሱ ቀረ፣ ልጁም ተለቀቀ። በ2015 ራሱን አጠፋ። 22 ዓመቱ ነበር።

ያን ጊዜ የኒውዮርክ ሕግ የ16 ዓመት ልጅን የሚከሰው እንደ አዋቂ ነበር። ሕጉ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

የእኛው የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በዚህ በኩል ያስገርማል። የተያዘ ልጅ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጉዳዩ ከተቀጠረ ለወላጁ ወይም ለዘመዱ፣ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው ይሰጥ ይላል። ግን ይህ የሚሠራው ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ነው። 15ን ካለፈ፣ ዕድሜው የሚታይለት ቅጣት ሲወሰን ነው። ከዚያ በፊት፣ ምርመራ እስኪያልቅ በእስር የሚያቆየው «ጊዜ ቀጠሮ» እንደ ማንኛውም ጎልማሳ ነው። ከሊፍ አዲስ አበባ ቢያዝ ኖሮ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅ ነበር።

የዕድሜ ነገር ደግሞ አለ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ነው። የልደት ካርድ የሌለው ልጅ ቁመቱ ረዘም፣ ጢሙ ብቅ ካለ «አሥራ ስምንት ብለህ ጻፈው» ይባላል። በቃ፣ ጎልማሳ ሆነ። እናት ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛ ጣቢያ በር ላይ ተሰልፋ፣ ወጡን ፖሊስ ፊት ቀምሳ ስንቅ ታቀብላለች። የሆስፒታል የዕድሜ ምርመራ እስኪመጣ ልጁ ከትልልቆቹ ጋር ያድራል።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2021 ክስ ሳይመሠረት ልጅ በእስር የሚቆይበትን ጊዜ በሦስት ወር ገድባ ነበር። ለእኔ ሦስት ወርም ብዙ ነው፤ አንድ ሴሚስተር ሊያልፍ ምን ቀረው? ግን ጣሪያ መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኛም ጣሪያ ያስፈልገናል፤ ለወላጅ የመስጠቱ ደንብም እስከ 18 ዓመት ይዘርጋ። ይህ የፓርላማ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። ዕድሜው ያጠራጠረን ልጅ ውጤቱ እስኪመጣ እንደ ልጅ መያዝ ግን አዋጅ መጠበቅ የለበትም። ከላይ የሚወርድ አንድ መመሪያ ይበቃዋል።