ክርክር፦ የአንጎል ዕጢን ድንበር ማሽን ያስምር?

ጥያቄው ይህ ነው። የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና ሲታቀድ፣ የዕጢውን ድንበር በኤምአርአይ ምስል ላይ የማስመሩን ሥራ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እንስጠው ወይ? ደጋፊው ጥቁር አንበሳ አካባቢ የሚሠራ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው። ተቃዋሚዋ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ ወንድሟ በዚሁ ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።

ደጋፊ፦
የአንድ ታካሚ ምስል በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በአንዱ ዓይነት፣ በዕጢው ዙሪያ ያለው እብጠት ነጭ ሆኖ ይወጣል። በሌላው፣ ኮንትራስት የሚባለው ምስል የሚያደምቅ መድኃኒት ከተወጋ በኋላ፣ የዕጢው ጠርዝ እንደ ቀለበት ያበራል። እኔ ማውስ ይዤ ምስል በምስል አሰምራለሁ። ዓይን ይደክማል፣ እጅ ይዝላል። ያው ምስል ለሌላ ሐኪም ቢሰጥ መስመሩ ከእኔ ይለያል። ማሽኑ ግን እብጠቱን ለብቻ፣ ዕጢውን ለብቻ፣ በዕጢው መሃል የሞተውን ክፍል ለብቻ ቀለም ቀብቶ በደቂቃዎች ያወጣዋል። አገራችን ውስጥ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሐኪሞቹ አሁንም ጥቂት ናቸው። ጊዜያቸው ይቆጠብላቸው።

ተቃዋሚ፦
ዶክተር፣ የወንድሜን ፊልም በትልቅ ፖስታ ይዤ ከሜክሲኮ ፒያሳ በታክሲ ስንቴ ተመላልሻለሁ! እንዳይታጠፍ ጭኔ ላይ አስተኝቼ። አንድ ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ “ጥራት የለውም፣ አስደግሚው” አለኝ። ያው ምስል ለማሽን ቢሰጥ “አስደግሚው” ይለኛል? ወይስ ዝም ብሎ ቀለም ይቀባዋል?

ደግሞ ማሽኖቹ የተማሩት በአብዛኛው በአሜሪካና በአውሮፓ ምስል ነው። ብራትስ የሚባለው፣ የአንጎል ዕጢ የሚያስምሩ ፕሮግራሞች የሚፈተኑበት ዓለም አቀፍ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ምስሎች ለብቻቸው የገቡት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። 11 ዓመት!

የወንድሜ ዕጢ ንግግር የሚመራው ቦታ አጠገብ ነበር። የራስ ቅሉ ሲከፈት ፈሳሹ ይወጣና አንጎሉ ራሱ ቦታ ይለቃል ብለው አስረድተውናል። ታዲያ ቀድሞ የተሠራ ካርታ ምን ያደርጋል?

ደጋፊ፦
እህቴ፣ ስለ ጥራቱ ያሉት ልክ ነው። አልከራከርም። ግን የእኛን ምስል፣ የታካሚው ስም ከላዩ ተሰርዞ፣ ካላስገባን ማሽኑ ስለ እኛ መቼ ይማራል?

አንጎል መንሸራተቱም እውነት ነው። ለዚህ ነው ቀዶ ሐኪሞች በመሃል በአልትራሳውንድ የሚያዩት። አንዳንዴም ታካሚው ነቅቶ፣ እያናገሩት ይሠራሉ፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ካርታው በየት እንደሚገቡ ለማሰብ ነው። የት እንደሚቆሙ እዚያው የሚወስነው ሰው ነው።

ተቃዋሚ፦
ይሁን። ፊርማው የማን ነው?

ደጋፊ፦
የእኔ።

ተቃዋሚ፦
የምፈራው እሱን ነው። ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ያተረፉትን ሰዓት ወረፋው ይበላዋል። ቀለም ተቀብቶ የመጣ ምስል ደግሞ ያለቀለት ይመስላል። አይተው ሳይሆን አምነው ይፈርማሉ።

ደጋፊ፦
ይገባኛል። እኔ ቤቴ በነፃ በሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስሞክር መጀመሪያ ምስሉን እንዳለ አነባለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ። ቀለሙን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

ተቃዋሚ፦
እንግዲያው ይህን ደንብ አድርገው በወረቀት ያውጡልን። ሌሊት ተረኛ ሆኖ የደከመውም ሐኪም ይገዛበት። እስከዚያ ድረስ እኔ ፖስታዬን ይዤ ሰው ዘንድ ነው የምሄደው።