ለጭነት የሚሠለጥን አሽከርካሪ በባዶ መኪና ሊፈተን አይገባም

አንድ ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ አደጋ ባደረሰ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ማብራሪያ «ፍሬን እምቢ አለው» የሚል ነው። ቀጥሎ ጣት ወደ አሽከርካሪው ይቀሰራል፤ ቸኩሏል፣ ተዘናግቷል፣ ደክሞታል ይባላል። እነዚህ ሁሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ከእነሱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ የሚታለፈው ጥያቄ፣ ይህ ሰው መንጃ ፈቃዱን ያገኘው ምን ዓይነት መኪና ነድቶ ነው የሚለው ነው። ባዶ መኪና በሜዳማ መንገድ ነድቶ፣ በተተከሉ ምልክቶች መካከል ወደ ኋላ አስገብቶ ፈተናውን ያለፈ አሽከርካሪ፣ በማግስቱ ጭነት የሞላ ተሳቢ ቢረከብ ሕጉ አይከለክለውም። ያን ጊዜ በእጁ የገባው መኪና ግን ከተፈተነበት ጋር የሚመሳሰለው በመልኩ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 6 በመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ 5 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና 300 ሜትር ያህል ከፍታ ይለቃል። ባዶው 15 ቶን የሚመዝን ቢሆን፣ ፍጥነቱ ሳይጨምር ታች ለመድረስ 44 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል በሆነ መንገድ መውጣት አለበት። ያው መኪና ጭነቱን ይዞ 40 ቶን ሲሞላ ይኸው መጠን ወደ 118 ሜጋ ጁል ያድጋል። ሞተሩና መኪናውን ከፊት የሚቋቋመው አየር ያልያዙት ኃይል ሁሉ በፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይከማቻል። ታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ከበሮ፣ ሲግል ይሰፋና ተጭኖ ከሚያቆመው የፍሬን ሸራ ይርቃል፤ ሸራውም ከልክ በላይ ሲሞቅ የመያዝ አቅሙ ይዳከማል። አሽከርካሪው ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው አይታዘዝም። ስለዚህ «እምቢ አለ» የተባለው ፍሬን ብዙ ጊዜ ከመነሻው የተበላሸ ሳይሆን፣ ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ የተገደደ ደህና ፍሬን ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው። ከባዱን ማርሽ መምረጥ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ለመመለስ መሞከር ጭራሽ ማርሽ አልባ ሊያስቀር ይችላል። ዋናው ሥራ ለሞተር ፍሬን ወይም ለሪታርደር (የእግር ፍሬኑን ሳይነካ መኪናውን ለሚያዘገይ መሣሪያ) ይተዋል፤ የእግር ፍሬን ደግሞ ፍጥነቱ ከተመረጠው ወሰን ሲደርስ ጠንከር ተደርጎ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝና ይለቀቃል እንጂ፣ እስከ ታች ድረስ እንደተረገጠ አይቆይም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድማ የሞተሩን እገዛ በገዛ እጅ መጣል ነው። ይህን ሁሉ በቃል መናገር አንድ ክፍለ ጊዜ አይፈጅም፤ እጅና እግር እንዲለምደው ግን በእርግጥ የሚገፋ ክብደት ከኋላ መኖር አለበት። ባዶ መኪና ስሕተትን ይቅር ይላል፤ የተሳሳተ ማርሽ ይዞ የወረደ ሠልጣኝ ምንም ሳይሰማው ታች ይደርስና ትክክል የሠራ ይመስለዋል።

ጭነት ከክብደት ሌላም ጠባይ አለው። በከፊል የተሞላ ቦቴ ሲቆም ፈሳሹ ወደ ፊት መጥቶ መኪናውን መልሶ ይገፋል። ከፍ ብሎ የተጫነ ዕቃ ኩርባ ላይ የመገልበጥ አደጋን ያከብዳል። ባዶ መኪናም የራሱ ችግር እንዳለው መካድ አይገባም፤ ጎማዎቹ መንገዱን በሚገባ ስለማይጨብጡ በድንገት ሲፈረን ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ የምከራከረው ሥልጠናው በሁለቱም ይሁን ብዬ ነው።

አገሮች ይህን ጉዳይ በተለያየ መንገድ ይዘውታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሙያው 280 ሰዓት፣ በተፋጠነው መንገድ ደግሞ 140 ሰዓት የመነሻ ሥልጠና፣ ከዚያም በየ5 ዓመቱ የ35 ሰዓት ማደሻ ደንግጓል። ከዚህ በላይ ትኩረቴን የሚስበው ግን ብዙም የማይነገርለት የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ደንብ ነው፤ ለፈተና የሚቀርብ የጭነት መኪና ትክክለኛ ክብደቱ ቢያንስ 10 ቶን፣ ተሳቢ ያለው ደግሞ ቢያንስ 15 ቶን ሊሆን ይገባል ይላል። በአሜሪካ ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ አሽከርካሪዎች ሥልጠና በፌዴራል ደረጃ ግዴታ ቢሆንም፣ ደንቡ ዝቅተኛ የሰዓት መጠን አልወሰነም።

በካናዳ ሚያዝያ 6 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በሳስካችዋን ግዛት አንድ የጭነት መኪና የቁም ምልክት አልፎ ከሃምቦልት ከተማ የሆኪ ቡድን አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ 16 ሰዎች ሞተዋል። አሽከርካሪው በሥራው አዲስ ነበር። ጠበቃው ለፍርድ ቤት እንዳስረዱት፣ ሐሳቡን የሰረቀው ከኋላው ይርገበገብ የነበረው የጭነቱ ሸራ ነው። ግዛቱ በዓመቱ የ121.5 ሰዓት ሥልጠናን ግዴታ አደረገ። እርምጃው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሸራ ማሰርን፣ ጭነትን መፈተሽን፣ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ መንገድ ዳር ቆሞ ማስተካከልን በተግባር የሚያስተምረው የትኛው ሰዓት ነው? ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይመልስም፤ 100 ሰዓት በባዶ መኪና ማሽከርከርም እንደ 100 ሰዓት ይቆጠራል።

የማሠልጠኛ ተቋማት ጭነት ነዳጅና ጎማ ይፈጃል፣ የመድን ዋስትናውንም ያስወድዳል ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው። ሆኖም ለዚህ የገበያ ዕቃ አያስፈልግም፤ የታሰሩ የኮንክሪት ብሎኮች ወይም ውሃ የሞሉ ታንኮች ይበቃሉ። የኮምፒዩተር ማስመሰያዎችም ቢሆኑ አደገኛ ሁኔታን ያለ ጉዳት ስለሚያሳዩ ይጠቅማሉ፤ የጋለ ፍሬንን ሽታ ግን አያሸቱም፣ የአየር ፍሬን ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ እስኪይዝ ያለችውን ቅጽበትም በሰውነት አያስለምዱም። ወጪውን ዛሬ ተቋሙ ባይከፍለው፣ ነገ መንገድ ላይ የሚከፍለው ምንም ያላጠፋ ሰው ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ሰጪ አካላት ከዚህ ይጀምሩ። የፈተና መኪና የሚዛን ወረቀት ይዞ ይቅረብ፤ ወረቀት ከሌለው ፈተናው አይካሄድ። ከፈተናው ክፍሎች አንዱ በተጫነ መኪና ረጅም ቁልቁለት መውረድ ይሁን። ፈታኙ ከአሠልጣኙ ተቋም ደመወዝ የማይቀበል፣ ራሱም ከባድ ጭነት ይዞ በሙያው የሠራ ሰው ይሁን። ይህን ፈተና ያላለፈ ሰው ደግሞ ልምድ ያለው አሽከርካሪ አጠገቡ ሳይቀመጥ የተጫነ ተሳቢ እንዳያንቀሳቅስ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ፤ ገደቡን ጥሶ መኪና የሚያስረክብ ባለንብረትም ከአሽከርካሪው እኩል ይጠየቅ።