ከጄኔቫ በፊት ጨርጨር ነበረ

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን አስታውሳችሁ ስለጻፋችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጽሑፋችሁ እሳቸው ስላረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጄኔቫ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ ለኢትዮጵያ ስላደረጉት ክርክር በሰፊው ተርኮ የገዙትን የሐረርጌውን አውራጃ፣ ጨርጨርን፣ በአንድ መስመር ማለፉ ቆጨኝ። እኔ ያደግኩት እዚያው ጨርጨር፣ ሂርና አካባቢ ነው። ለእኛ ሰውየው ከሁሉ በፊት ገዥና ገበሬ ናቸው።

እስቲ አስቡት። በልጅነታቸው አድዋ ዘምተው፣ ሩሲያ ሄደው መድፈኛነት ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። ጨርጨር ሲሾሙ ግን አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ቆረቆሩ። አውራጃውን ለሌላው አገር አርአያ ሊያደርጉት ነበር የተነሡት። ይህ ከጄኔቫው ንግግር ያንሳል? በፍጹም!

የቡናውም ነገር አለ። የጨርጨር ቡና በሐረር ስም ነው ለዓለም የሚሸጠው። እናቴ ቡናውን ከነገለፈቱ ሰሌን ላይ ታሰጣው ነበር። ቀኑን ሙሉ በእጇ ታገላብጠዋለች። ማታ ዝናብ እንዳይመታው ጠቅልላ ታስገባዋለች። ነጋዴው መጥቶ አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን ካላየ ዋጋ አይጠራም። የዚያ አገር ሀብት እንዲህ ነው የሚለፋው፤ የገዥ ሥራም የሚለካው ለዚህ ገበሬ ባደረገው ነው።

ፊታውራሪ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ማዳጋስካር ድረስ ተሰደዋል። ሲመለሱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ደጅ አልጠኑም። ሂርና ገብተው እርሻቸውን ያዙ። 1969 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ብዙ ዓመት ኖረዋል። እባካችሁ ስለዚያ የእርሻ ዘመናቸው ለብቻው ጻፉልን። ጨርጨር ውስጥ የሚያስታውሱ አዛውንት አሁንም አሉ።