ይድረስ ለ«አንድ ሰዓት በረራ»

ትኬቴ ላይ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር ተብለህ ለተጻፍከው ለተከበርከው «አንድ ሰዓት»፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አንተን ከመጠበቅ በስተቀር ደህና ነኝ።

መቼም ወረቀት ላይ ስትታይ ታምራለህ። ቦሌና ባሕር ዳር በአየር ወደ 330 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ ነው። በመኪና ግን ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ከ500 በላይ ይሆናል። (መኪናውንማ ተወው፤ ምክንያቱን አንተም ታውቃለህ።) ያቺ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አንዴ ከፍታዋን ከያዘች በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትሸመጥጣለች። ስለዚህ አየር ላይ የምንቆየው አንተን እንኳ አይሞላም። የተረፈው መንደርደሪያው ላይ መንፏቀቅ ነው። ለነገሩ አንተ የምትቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነቃነቅ ጀምሮ፣ ሄዶ ቦታውን ይዞ እስኪቆም ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ቀኔስ በማን ሒሳብ ነው የሚያዘው?

«ከሁለት ሰዓት በፊት ይገኙ» ተባልኩ። ያ ብቻውን ሁለት አንተ ነው። የቦሌን መንገድ መጨናነቅ ፈርቼ አንድ አንተ ጨመርኩበት። ገና ሕንፃው መግቢያ ላይ ጫማ አውልቅ፣ ቀበቶ ፍታ። ትኬቴን በጥርሴ ነክሼ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው ሳጥኑን እየገፋሁ አለፍኩ። ቀበቶዬን አስሬ ሳልጨርስ ሁለተኛው ፍተሻ መጣ። አሁንም ፍታ!

የሰው አገር አቆጣጠር ለብሰህ የምትመጣው ነገርስ? የአጎቴ ትኬት 12:40 ይላል። እሱ የሚያውቀው 12:40 ወፍ ሲንጫጫ ነው። በሌሊት ኮንትራት ታክሲ ይዞ ከች አለልህ። ለካ በኛ ቀን 6:40 ኖሯል! ስድስት ሰዓት ሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «አንድ ሰዓት ነው ብለውኝ እኮ ነው» ሲል ዋለ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሰው አንተን ማመኑ ነው። አማቴ «አንድ ሰዓት ነው» ስላልኳት ቡና አቀራረበች። አቦሉ ሲፈላ ደወለች፤ «እየገባን ነው» አልኳት። ቶናው ላይ ደወለች፤ «ትንሽ ዘግየት ይላል» ተብለን ነበር፣ ትንሽ ስንት እንደሆነ የነገረን ግን የለም። በረካው ላይ አልደወለችም። ተቀይማለች። ባሕር ዳር ስደርስ ደግሞ ሻንጣ ጥበቃ አለ፣ ከዚያ ባጃጅ ክርክር አለ። ይሄንን ሁሉ ለሷ የማስረዳው እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።

ደብዳቤውን የምጽፍልህ እዚያው ብረት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ቆይ፣ እየጠሩን መሰለኝ።

አይ፣ የጎንደሮቹን ነው።