ምድብ ሳንገባ "ተሳትፈናል" ማለት ይብቃን

ባለፈው ሰሞን ከለገሃር ወደ ስታዲየም አቅጣጫ ላዳ ተሳፍሬ ነበር፣ ሹፌሩ ጋሼ የሚባሉ አይነት ሰው ናቸው፣ መስታወቱ ላይ የጊዮርጊስ ስካርፍ ተንጠልጥሏል፣ ፀሀይ ስለበላው ቀለሙ ለቋል። መብራት ይዞን ስንቆም በጣታቸው ወደ ስታዲየሙ የደጋፊዎች መቀመጫ፣ ወደ ካታንጋ በኩል አሳዩኝና ሳልጠይቃቸው መቁጠር ጀመሩ። "ሰንዳውንስ፣ ኤስፔራንስ፣ ቪታ ክለብ" አሉ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ። "ሰንዳውንስ እኮ ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረ ልጄ፣ እኛ ምድብ ውስጥ ነው የነበረው።" ከዚያ በኋላ ባሉት አመታት ከእነማን ጋር እንደተጫወትን ስጠይቃቸው ግን አል አህሊን ብቻ ነው ያስታወሱት፣ እሱንም ፊታቸውን አጨፍግገው።

እሳቸው የቆጠሩት የ2017ቱን (የእኛን 2009) የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ነው፣ ማለትም ከማጣሪያው በኋላ አራት አራት ክለብ የሚገናኝበትን ደረጃ። ካፍ የምድቡን ተሳታፊ ከ8 ወደ 16 ክለብ ያሳደገበት የመጀመሪያው አመት ነበር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኮንጎውን ሊዮፓርድስ ጥሎ ገባ፣ የደረሰው ምድብ ደግሞ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሰንዳውንስ በፒትሶ ሞሲማኔ እየተመራ ዋንጫውን የበላ ቡድን ነው፣ ኤስፔራንስ ከዚያ በኋላ በ2018ና በ2019 አከታትሎ የወሰደው ነው፣ ቪታ በ2014 ፍፃሜ የደረሰ፣ አሰልጣኙም ፍሎረን ኢቤንጌ። ፈረሰኞቹ፣ ማለትም ጊዮርጊሶች፣ ከምድቡ አላለፉም። ግን ስድስት ጨዋታ ተጫውተዋል፣ ሶስቱን በሜዳቸው ሶስቱን ሰው ሀገር፣ እና ዛሬም አንድ የላዳ ሹፌር መብራት ላይ ቆሞ በኩራት ይቆጥረዋል።

እኔ በዚህ ጽሁፍ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ የክለቦቻችን ግብ ምድብ መግባት መሆን አለበት። በየአመቱ ነሐሴና መስከረም ላይ ሁለት ወይ አራት ጨዋታ ተጫውቶ ተመልሶ "ልምድ አግኝተናል" የሚለው ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከምድብ በፊት የሚወጣ ክለብ ለሀገሩ የሚያመጣው ነጥብ ዜሮ ነው። ይሄን ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም ስለዚህ ትንሽ ላብራራው።

ካፍ ሀገራትን ደረጃ የሚያወጣው ክለቦቻቸው ባለፉት አምስት አመታት በሰበሰቡት ነጥብ ነው። ነጥቡ ደግሞ የሚጀምረው ከምድብ ነው፣ ከዚያ በፊት አስር ለዜሮ ብታሸንፍም አይቆጠርልህም። ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ከምድቡ አራተኛ፣ ማለትም መጨረሻ፣ የወጣ ክለብ 1 ነጥብ ያገኛል፣ ሶስተኛው 2፣ ሩብ ፍፃሜ 3፣ እያለ ሻምፒዮኑ 6 ይደርሳል። የቅርቡ አመት ነጥብ በ5 ይባዛል፣ ያለፈው በ4፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ምድብ ገብቶ መጨረሻ የወጣ ክለብ እንኳን በዚያው አመት ለሀገሩ 5 ነጥብ ያስመዘግባል ማለት ነው። ከ1 እስከ 12 ያሉ ሀገራት በሻምፒዮንስ ሊግም በሁለተኛው የካፍ ውድድር በኮንፌዴሬሽን ካፕም ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ክለብ ያስገባሉ፣ እኛ አንድ አንድ ነው። ብዙ ነጥብ ያላቸው ጥቂት ክለቦች የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ፣ ድልድሉ ላይም እርስ በርስ አይገናኙም፣ ነጥብ የሌለው ነው አውጥተው የሚሰጧቸው። ጊዮርጊስ በ2023 አል አህሊ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2024 የታንዛኒያው ያንጋ የደረሳቸው በእድል ብቻ አይደለም። ነጥብ ስለሌለን ከባድ ይደርሰናል፣ ከባድ ስለደረሰን እንወጣለን፣ ስለወጣን ነጥብ የለንም። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው በር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ምድቡ ነው።

ገንዘቡም አለ። ከ2023 ጀምሮ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ገብቶ የመጨረሻ ደረጃ የያዘ ክለብ እንኳን 700,000 ዶላር ያገኛል። ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል ተጫዋች ልምምድ አቆመ የሚል ዜና በየአመቱ በምንሰማበት ሊግ ይሄ ብር ምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አሁን "ሜዳ የለንም እኮ" የሚል ይነሳል፣ እውነቱን ነው። ጊዮርጊስ ከአል አህሊ ጋር "በሜዳው" የተጫወተውን ጨዋታ የተጫወተው ካይሮ ነው፣ መልሱንም ካይሮ፣ 3 ለ 0 እና 4 ለ 0። ባለሜዳ ተብለህ የተጋጣሚህ ከተማ ውስጥ በተጋጣሚህ ደጋፊ ፊት መጫወት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ ነው ከተባለ ስንት አመቱ፣ አደይ አበባም ያው ግንባታ ላይ። በዚህ የሚቆጣ ሰው ቁጣው ከልቡ ነው፣ እኔም እቆጣለሁ።

ግን ደግሞ የሱዳኑን አል ሂላልን እዩ። ሀገራቸው ጦርነት ውስጥ ገባች፣ ኦምዱርማን መጫወት አልቻሉም፣ ሊጋቸው ቆሞ ነበር። ሄደው የሞሪታንያ ሊግ ውስጥ ገብተው ተጫወቱ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ የሜዳቸውን ጨዋታ ኑዋክሾት ላይ አደረጉ፣ እና በ2024/25 ማዜምቤ፣ ያንጋና ኤምሲ አልጀር ካሉበት ምድብ አንደኛ ሆነው ወጡ። አሰልጣኙ ማን ነበር? ያው ኢቤንጌ፣ በ2017 ቪታን ይዞ ከጊዮርጊስ ጋር የተጋጠመው። ስለዚህ ሜዳ ትልቅ ችግር ነው ግን ሁሉ ነገር ሜዳ አይደለም፣ ሂላል የያዘው እኛ የሌለን አንድ ነገር አለ፣ እሱም አመት ከአመት አብሮ የሚቆይ ቡድን ነው።

የእኛ ክለብ ሰኔ ላይ ሻምፒዮን ይሆናል፣ ሐምሌ ላይ ግማሹ ተጫዋች ውሉ አልቆ የፊርማ ገንዘብ ወደሚሰጠው ይሄዳል፣ ነሐሴ ላይ በዝናብ አዲስ የተሰባሰበ ቡድን ሁለት ሶስት ሳምንት ተለማምዶ ቅድመ ማጣሪያ ይገባል። ዋንጫ የበላው ቡድንና አፍሪካ ላይ የሚጫወተው ቡድን በስም ነው የሚገናኙት። ሌላም አለ፣ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች አንድ ከተማ ተሰብስበው የሚጫወቱበት ሆኗል፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ እየተባለ። ለቴሌቪዥኑና ለወጪው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ የሃያ አመት ተከላካይ አመቱን ሙሉ ሆቴል ተቀምጦ ደጋፊው ሳስቶ በሚታይበት ሜዳ ተጫውቶ በመስከረም ድንገት ዛንዚባር ላይ ጩኸት ውስጥ ሲገባ እግሩ ቢተሳሰር ልጁን መውቀስ አይቻልም። ንግድ ባንክ አበበ ቢቂላ ላይ በያንጋ 1 ለ 0 ብቻ ነው የተሸነፈው፣ ጨዋታው ውስጥ ነበር፣ መልሱ ዛንዚባር ላይ ግን 6 ለ 0። የምድብ እግር ኳስ ማለት እኮ ሄዶ ነጥብ ይዞ መምጣት ነው፣ ሄዶ መጫወት ሀገር ውስጥ ካልተለማመድከው የት ልትማረው ነው?

ታንዛኒያዎች ከእኛ በፊት አልነበሩም። ውድድሩ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ዋንጫ ላይ አክራ ከተገኙት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ ነበር። የኢትዮጵያ ቡና በ1998 (በእኛ 1990) አል አህሊን ሲጥል ሲምባና ያንጋን የሚፈራ አልነበረም። ዛሬ ያንጋ የኮንፌዴሬሽን ካፕ ፍፃሜ ደርሶ መጥቷል፣ ሲምባም ደርሷል፣ በ2025/26 አራቱም ክለቦቻቸው ምድብ ገቡ። አራቱም!

እኛም ጋ መንገዱን ያሳዩ አሉ፣ ስለእነሱ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። የንግድ ባንክ ሴቶች። በ2021 የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የዞን ማጣሪያ ናይሮቢ ላይ ፍፃሜ ደርሰው በቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፉ። በ2023 ኡጋንዳ ላይ በድጋሚ ፍፃሜ ደረሱ፣ በጄኬቲ ኩዊንስ በፍፁም ቅጣት ምት ተሸነፉ፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያማል። ሁለት ጊዜ በር ላይ ተመልሶ ቡድን አይበተንም? አልተበተኑም፣ አሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛውም አብሯቸው ቆየ። በ2024 ማጣሪያው አዲስ አበባ ሲመጣ የኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን በፍፃሜው 1 ለ 0 አሸንፈው ሞሮኮ ሄዱ፣ ምድብ ገቡ፣ ከሰንዳውንስ ከኤዶ ኩዊንስና ከግብፁ ማሳር ጋር። ከምድቡ አላለፉም፣ ግን ገብተዋል፣ በሶስተኛው ፍፃሜያቸው፣ ቡድናቸውን ይዘው፣ በሜዳቸው ተጫውተው። ወንዶቹ ጋ የጎደለው በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ስለዚህ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ሊጉን የሚያሸንፈው ክለብ ከሰኔ በፊት የዋና ተጫዋቾቹን ውል ያራዝም፣ አሰልጣኙን በአንድ ሽንፈት አያባርር፣ የሊግ ካምፓኒው ቢያንስ ሜዳ ያላቸው ከተሞች ላይ የደርሶ መልስ ጨዋታ ይመልስ፣ ፌዴሬሽኑ ደግሞ የሜዳውን ጉዳይ ካፍ ደብዳቤ ሲልክ ብቻ አያስታውሰው። በአመቱ መጨረሻም የክለብ አመራር ሲጠየቅ ጥያቄው "ተሳተፋችሁ ወይ" መሆኑ ይቅርና "ምድብ ገባችሁ ወይ" ይሁን።

መብራቱ ለቀቀንና ላዳዋ ስትንቀሳቀስ ጋሼ አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ "ዘንድሮ ማን ደረሰን?" አሉ። ድልድሉ ገና እንዳልወጣ ነገርኳቸው። "ሲወጣ ደውልልኝ" ብለው ስልካቸውን አስያዙኝ።