እርማት፦ የሰሌዳው ግዛት ፈቃድ ድንበር አያሻግርም

«መኪናዬ የተመዘገበበት ግዛት ሁለት ተሳቢ አከታትሎ መጎተት ከፈቀደ በመላው አሜሪካ መጎተት እችላለሁ» የሚለው ስህተት ነው። ሌላው ግዛት የሚቀበለው መንጃ ፈቃድዎንና ሰሌዳዎን ነው። የተሳቢው ብዛትና ጠቅላላ ርዝመት የሚዳኘው ግን በሚነዱበት መንገድ ሕግ ነው። አይዳሆ ይፈቅዳል፤ በአይ-90 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ተጉዘው ዋሽንግተን ሲገቡ ግን ለግል መኪና ክልክል ነው። ሁለተኛውን የት እንደሚያቆሙት ከመነሳትዎ በፊት ይወስኑ፤ ድንበር ላይ ደርሶ መፍታት ጣጣው ብዙ ነው።

ከሚፈቅዱትም ብዙዎቹ የፊተኛው ተሳቢ ፊፍዝ ዊል፣ ማለትም በፒክአፑ የጭነት ሳጥን ውስጥ ከኋላ አክስሉ በላይ የሚቆለፈው ዓይነት እንዲሆን ያስገድዳሉ። ያም ሆኖ ሚዛኑን ማስላት ያስፈልጋል። የኋለኛው ተሳቢ መንጠቆው ላይ 100 ኪሎ ቢጫን፣ መንጠቆው ከፊተኛው ተሳቢ አክስል 3 ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ አክስሉም ከኪንግፒኑ (የፊተኛው ተሳቢ ፒክአፑ ላይ ከሚቆለፍበት ፒን) 7 ሜትር ቢርቅ፣ ፒኑ ላይ ካለው ክብደት 43 ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ አክስሉ ላይ ደግሞ 143 ይጨመራል። ፒኑ ከልክ በላይ ሲቀል ተሳቢው መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል።

ርዝመቱን ከመኪናው የፊት ባምፐር እስከ መጨረሻው ጫፍ ይለኩ፤ ጀልባ ከሆነ ከኋላ የወጣውን ሞተር አይርሱ።